የኪሮስ ክምር የተቃጠለበት ዓመት

ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ ለበሶ የምትቆላውን ገብስ እሳት ላይ ትታ ስልክ ስታወራ አሳረረችውና፣ ሽታው በአጥሩ ዘልቆ እኔ ቤት ሲገባ የያዝኩትን ሥራ አስቀምጬ ደጃፌ ላይ ቁጭ አልኩ። ያረረ ገብስ ለሌላ ሰው ያረረ ገብስ ነው፤ ለእኔ ግን የአብሮ አደጌ የለምለም አፍ ነው፣ ከንፈሯ ጥላሸት መስሎ፣ ስትናገር ትንፋሿ ከሰል ከሰል እየሸተተ። ጎረቤቴ ሽታው ያስቀየመኝ መስሏት ይቅርታ ልትጠይቅ ብቅ አለች። እኔም ተዪኝ እባክሽ፣ ልጅነቴን ነው ያመጣሽብኝ ብዬ መለስኳት፤ እሷም አሮጊቷ ዛሬ ምን ነካት ሳትል አልቀረችም።

ያደግኩት ከሰቆጣ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ፣ በጋዝጊብላ በኩል ባለች ተዳፋት መንደር ውስጥ ነው። መንደራችን አንድ ደብር፣ አንድ ምንጭና ሁለት ሰፈር ነበራት። ከምንጩ በላይ ያለነው ላይ ሰፈር፣ ከምንጩ በታች ያሉት ታች ሰፈር እንባል ነበር። በመካከላችን የነበረው አንድ እርከንና የኪሮስ አውድማ ብቻ ሲሆን፣ ኪሮስ የሚባለው የለምለም አባት፣ ዝምተኛ፣ ትከሻው ሰፊ፣ የታች ሰፈር ሰው ሁሉ «እሱ ያለው ይሁን» የሚለው ገበሬ ነበር።

አባቴ አዳነ ደግሞ የኪሮስ ተቃራኒ ነበር። እርሻውን ያርስ እንደሆነ እንጂ ፍቅሩ ከነገር ጋር ነበር። የድንበር ክርክር ያለበት፣ ርስት የተነካበት፣ ሚስቱ የኮበለለችበት ሁሉ «አያ አዳነ ይድረስልኝ» እያለ ይመጣ ነበር፤ እሱም ኩታውን ወገቡ ላይ አስሮ፣ ዱላውን ወደ ፊት እየሰበቀ፣ «ንጉሥ ይሙት!» ብሎ ሲነሣ ዳኛው ራሱ ተቀምጦበት ከነበረው ድንጋይ ቀና ይል ነበር። ቤት ውስጥ የምናወራው በኽምጥኛ ነበር፣ ሙግቱን ግን በአማርኛ ነበር የሚያሳምረው፤ ሲያርስም ለበሬዎቹ እየተሟገተ ይለማመድ ነበር። እናቴ «እኒህ በሬዎች እኮ ሕግ ጠንቅቀው ያውቃሉ፣ ማረሱ ነው የቸገራቸው» እያለች ትቀልድበት ነበር።

በክረምት ትልቁ ጭንቀታችን እሳት ነበር። ክብሪት ከሰቆጣ ሱቅ ካልመጣ አይገኝም፤ ስለዚህ ፍሙን በአመድ ቀብረን እናሳድር ነበር፤ ከጠፋም አንዲት ልጅ ገል ትይዝና፣ ጎረቤት ሄዳ ፍም በደረቀ ኩበት ላይ ተቀብላ፣ እፍ እፍ እያለች ትመለስ ነበር። እሳት የለመነ ሰው አይከለከልም። ይህን የማያውቅ አልነበረም፣ እስከዚያ ዓመት ድረስ።

በዚያ ክረምት የአጥቢያችን ዳኛ ሞቱና፣ አዝመራ ከገባ በኋላ ሕዝቡ ተሰብስቦ ሌላ ዳኛ ይምረጥ የሚል ትእዛዝ ከሰቆጣ መጣ። ላይ ሰፈር የእናቴን ታላቅ ወንድም ብርሃኑን አቀረበ። ታች ሰፈር ኪሮስን አቀረበ። ከዚያማ ምን ልበላችሁ! መስከረም ሳይጠባ ሰንበቴው ለሁለት ተከፈለ፣ ወንፈሉ ተለያየ፣ በአንድ ጽዋ ሲጠጡ የኖሩ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ጀርባ ተሰጣጡ። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ እየተባለ ተተረተ። አባቴም የአጎቴ አፍ ሆኖ፣ ስለ ብርሃኑ ደግነት እኛ ራሳችን ሰምተነው የማናውቀውን ሁሉ ይናገር ጀመር። በመጨረሻ እሳት መሰጣጣትም ቀረ፤ የላይ ሰፈር ልጅ ታች ወርዳ ፍም ብትለምን ወዮላት ተባለ።

ኅዳር ላይ ገብሱ ታጭዶ ተከመረ። አንድ የሰቆጣ ገበያ ዕለት ትልልቁ ወንድ ሁሉ ገበያ ወርዶ፣ እናቴ አራስ ስለነበረች እኔና እሷ ቤት ቀረን። እሳታችን ጠፋብን። እናቴ ገሉን ሰጥታኝ ከአጎቴ ቤት አምጪ አለችኝ። የአጎቴ ቤት አቀበቱ ጫፍ ላይ ነበር፣ የለምለም ቤት ግን ከእኛ ቁልቁል ሁለት ትንፋሽ። እኔ መቼም ከልጅነቴ ለእግሬ የምሳሳ ሰነፍ ነኝ። ግራና ቀኝ ገልመጥ ብዬ ወደ ታች ወረድኩ።

የለምለም እናት እትዬ አልጋነሽ ባየችኝ ጊዜ ደነገጠች፤ ነገር ግን አራስ ቤት እሳት ጠፍቷል ስላት አንጀቷ አልቻለም። ፍሙን በኩበት ላይ አድርጋ፣ ሰው እንዳያየኝ በጓሮ ዞሬ እንድሄድ መከረችኝ። ጥፋቱን ያመጣው ምክር እሱ ነበር። በመንገዱ ብሄድ ኖሮ ምንም ባልሆነ፤ እኔ ግን እየተሹለከለክሁ በኪሮስ ክምር ጀርባ ሳልፍ ነፋስ ተነሣ፣ ፍሙ ጋመ፣ ገሉ ጣቴን ለበለበኝና ጣልኩት። ተሰበረ። የታየኝን ፍም በእግሬ ረጋገጥኩና፣ ባዶ እጄን ከምመለስ ብዬ ዳገቱን ወደ አጎቴ ቤት ሮጥኩ። ከዚያ በሌላ ገል ፍም ተቀብዬ ስወርድ ነው ጭሱን ከታች ያየሁት።

ኪሮስ ከገበያ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ተመልሶ ኖሮ፣ ብቻውን አፈርና ቅጠል ሲበትንበት ሌሎቹ ደረሱ። የዓመት ቀለቡ ነደደ። በማግስቱ ሴቶቹ አመዱን እያበጠሩ ግማሽ የከሰለውን ገብስ ለቀሙ፤ የኪሮስ ስድስት ልጆች ከዚያ ወዲያ የበሉት እሱን ነው። ለምለምን ምንጭ ላይ ሳገኛት አፏ እሱን ይሸት ነበር፤ እኔም እንስራዬን ሳልሞላ እመለስ ነበር።

ታች ሰፈር ያቃጠለው የብርሃኑ ወገን ነው አለ። ያን ጊዜ አባቴ ኩታውን ወገቡ ላይ አስሮ ተነሣ። የብርሃኑ ሰዎች ሁሉ ገበያ እንደነበሩ በምስክር አረጋገጠ። ከገበያ ቀድሞ የተመለሰ ማን ነው? ኪሮስ። ክምሩ ሲነድ አጠገቡ የተገኘ ማን ነው? ኪሮስ። የሰው እንባ ገዝቶ ዳኛ ለመሆን የገዛ ገብሱን ያቃጠለ ሰው ነው ብሎ አሳመረው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በደብሩ፣ በገበያው፣ ከሰቆጣ በተላከው ሹም ፊት ይህንኑ አለ። ላይ ሰፈር አጅቦት ይሄድ ነበር። አፉ ማር ነው ይባል ነበር። እኔ ልጁ ምድጃ ሥር ቁጭ ብዬ የተቃጠለ ጣቴን እየላስኩ እሰማ ነበር። አፈርኩ? አዎ፣ አፈርኩ፤ ግን ውሸት ምን ያደርጋል፣ አባቴ ሰውን ሲረታ ደስም ይለኝ ነበር።

ሁለቱ ወገን አልስማማ ሲል ሹሙ አውጫጭኝ አዘዘ። አውጫጭኝ ማለት የአገሩ ወንድ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ቤቱ ሳይመለስ የሚቀመጥበት የአገር ሥርዓት ነው። የተመረጡ ሽማግሌዎች ሰውን አንድ በአንድ ለብቻው እየወሰዱ ይጠይቃሉ። የሚያውቅ ሰው ቂም እንዳይተርፈው ስሙ አይነሣም፤ «ወፍ ነገረኝ» ብሎ በጆሯቸው ይናገራል፣ እነሱም ወፍ እንዲህ አለ ብለው ለሹሙ ያቀርባሉ። ሦስት ቀን ተቀመጡ። ወፍ የሚባል ዝር አላለም። ስንዴው ማሳ ላይ ደርቆ ይረግፍ ጀመር፣ ያለ ወቅቱ ደመና ከምሥራቅ ተነሣ፣ ወንዶቹ ሰማይ ሰማይ እያዩ እርስ በርስ ይሰዳደቡ ነበር። ስንቅ የምናቀብለው እኛ ሴቶች ነበርን።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለምለም ምንጩ ላይ ጠበቀችኝ። ሹሙ የአባቴን ሙግት ተቀብሎ፣ በነገው ዕለት ኪሮስ እጁን ታስሮ ሰቆጣ ሊወሰድ መሆኑ ተወርቶ ነበር። እሷ ግን የመጣችው ልትጣላኝ አልነበረም።

«ስንዱ፣ አባትሽ አፍ ያውቃል» አለችኝ። «ለአባቴ እንዲናገርለት ትለምኚልኛለሽ?»

እንስራዬን እዚያው ትቼ ቤት ሮጬ ለእናቴ ሁሉን ዘረገፍኩላት። እናቴ ደረቷን ያዘች። ከዚያ ሕፃኑን አዝላ፣ ቆሎ ቋጥራ፣ እጄን እየጎተተች ወደ ሜዳው ወሰደችኝ። አባቴን ከሰው ለየት አድርጋ ገለባው ላይ አስቀምጣው በሹክሹክታ ነገረችው። እሱ ቆሎውን ማኘኩን ቀጠለ። አልተቆጣኝም፤ እኔንም አላየኝም። እናቴም መላ አበጀች። ለሽማግሌዎቹ በወፍ ይንገር፤ አንድ የማይታወቅ ሕፃን እሳት ይዞ ሲያልፍ ነው ይበል። ኪሮስ ይፈታል፣ የእኛም ስም አይነሣ፣ የወንድሟም ምርጫ አይበላሽ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለእኔ ያን ጊዜ ከዚህ የተሻለ መላ በምድር ላይ አልነበረም።

አባቴ ቆሎውን አስቀመጠ። «ስወነጅለው በአደባባይ ነበር» አላት። «በወፍ አልመልሰውም።»

ተነሥቶ ወደ መሐል ሄደ። ሊሟገት የተነሣ መስሎት ላይ ሰፈር ጸጥ አለ። ኩታውን ግን ወገቡ ላይ አላሰረም፤ ከትከሻው አውርዶ፣ ዱላውን መሬት ላይ አስተኝቶ፣ ባዶ እጁን ቆመ። የተናገረውም መጀመሪያ በኽምጥኛ ነበር፣ በአደባባይ በኽምጥኛ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበርና ክፉኛ ደነገጥኩ። ከዚያ ወደ ሹሙ ዞሮ ያንኑ በአማርኛ ደገመው።

«ኪሮስ ክምሩን አላቃጠለም። እሳቱ ወደ እኔ ቤት ሲሄድ የነበረ እሳት ነው፤ የያዘችው ልጄ ናት፣ ሳታስበው ነው። እኔ ግን አውቄ ነው። በማግስቱ ከክምሩ ጀርባ የተሰበረ ገል አገኘሁ፤ የቤቴን ገል አላጣውም። አንሥቼ በጉያዬ ሸሸግሁ። ሦስት ሳምንት እያወቅሁ ሰው ወነጀልኩ። የተናገርኩትን ሁሉ አንሥቻለሁ።»

እናቴ እጄን ለቀቀችው። እሷም እኔም አላወቅንም ነበራ! እኔ ምድጃ ሥር ምሥጢሬን ታቅፌ ስንቀጠቀጥ፣ እሱም ያንኑ ምሥጢር በጉያው ይዞ ሲሟገት ከርሟል።

አጎቴ ብርሃኑ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ አዳነ! ተቀመጥ!» አለ። አባቴ ፊቱን ወደ እሱ አዙሮ፣ አፋፉ ላይ የቆመው ኪሮስ እንጂ እኔ አይደለሁም ብሎ መለሰለት። ሹሙ እኔን አስጠራኝ። እሳቱን ከየት እንዳመጣሁ ጠየቀኝ። ከእትዬ አልጋነሽ ነው አልኩ። ወንዱ ሁሉ ወደ ኪሮስ ዞረ፤ ለካ ሚስቱ የተከለከለውን እሳት ለላይ ሰፈር ልጅ ሰጥታ ኖሯል፣ ለእሱም ከፍርሃት የተነሣ አልተነፈሰችም። ኪሮስ ከተቀመጠበት ተነሣ።

«የሰጠችው የእኔ፣ የጣለችው የአዳነ» አለ። «ታዲያ እኛ ይኼን ሁሉ ቀን እዚህ ምን እንሠራለን? ስንዴው እኮ ረገፈ።»

አንድ ሽማግሌ ሳቀ። ቀጥሎ ሌላው። ከዚያ ያ ሁሉ ሦስት ቀን በቆሎ የከረመ ወንድ፣ ላይ ሰፈርም ታች ሰፈርም፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሹሙ ሂዱ ሳይል ሰዉ ማጭዱን ፍለጋ ሮጠ። ደመናው ሳይዘንብ አለፈ፣ ስንዴውም ገባ። እኔ አንድም ጥፊ አልቀመስኩም፤ ከክምራችን ግማሹ በአህያ ተጭኖ ወደ ኪሮስ ቤት ሲወርድ ግን አህያዋን እንድነዳ የተደረግኩት እኔ ነበርኩ።

ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎን ነበር። በጥር ለምርጫው ሕዝቡ ደብሩ ሜዳ ላይ ተሰበሰበና፣ እያንዳንዱ ከሚፈልገው ሰው ጀርባ ይቁም ተባለ። አባቴ ከላይ ሰፈር ሰው መካከል ተነሥቶ፣ ሜዳውን ብቻውን አቋርጦ፣ ከኪሮስ ጀርባ ቆመ። እናቴ «ወይኔ ወንድሜ!» ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። አንዱ «ወንድ ልጅ ቃሉ አንድ ነው» ብሎ ሲሰድበው፣ አባቴ አልተሟገተም። ክምሩ ነዶበት፣ ስሙ ጠፍቶበት፣ ጎረምሶቹን ሦስት ሳምንት ይዞ አንድ የላይ ሰፈር ጎጆ እንዳትነካ ያደረገ ሰው ነው፤ ከዚህ ሌላ ዳኛ ምን እንዲሆን ትፈልጋላችሁ አለ። ኪሮስ በጣት በሚቆጠር ሰው በለጠ።

ያ በጋ መራራ ነበር። ላይ ሰፈር ወንፈል ነፈገን፣ እሳት ነፈገን። እናቴ ለአባቴ ምግብ አቅርባ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር። የቀረችውን ክምር የወቃነው አባቴ፣ እናቴና እኔ ብቻ ነን። ታች ሰፈር ሰዎች መንሻቸውን ይዘው ሊያግዙን ቢመጡ አባቴ እርከኑ ላይ ቆሞ አመስግኖ መለሳቸው። ዛሬ ብታግዙኝ ተገዝቶ ነው ይባላል አላቸው። እኔ በዚያች ሰዓት በጣም ነበር የጠላሁት፤ እጄ በውሃ ቋጠሮ ተሞልቶ ነበራ፣ ከሰው ስም ይልቅ የእጄ ነገር ነበር የሚያሳስበኝ።

ከፋሲካ በፊት አጎቴ ብርሃኑ ከአንድ የታች ሰፈር ሰው ጋር የድንበር ክርክር ገጠመው። ዳኛው ኪሮስ ነው። አጎቴ አለቀልኝ ብሎ፣ ጠበቃም ሳይዝ፣ እንዲያው ሊሸነፍ ሄደ። ኪሮስ ድንበሩን በእግሩ ዞሮ አይቶ፣ የድንጋዩን ምልክት አስቆፍሮ፣ መሬቱ የብርሃኑ ነው ብሎ ፈረደ። የገዛ ሰፈሩ ሰው አኮረፈው። አጎቴ ያን ቀን በእኛ ደጃፍ ሲያልፍ ቀስ ብሎ አለፈ፣ ሰላም ግን አላለም።

በሳምንቱ የአጎቴ ሚስት ገል ይዛ ደጃችን ላይ ቆመች። እሳት ጠፋብኝ አለች። ከትከሻዋ በላይ ቀና ብዬ ባይ፣ የእነሱ ጎጆ ጭሱን ወደ ሰማይ ይለቀዋል! አፌን ልከፍት ስል እናቴ ጎኔን በክርኗ ጎሸመችኝና፣ ገሉን እስኪተርፍ ድረስ ፍም ሞላችላት። ከዚያ ሁለቱም ደጃፉ ላይ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ሲያለቅሱም ፍሙ ነጠላ ሊያቃጥል ለጥቂት ቀረ። ማታ እናቴ ለአባቴ እራት ስታቀርብ ፊቷን አላዞረችም፣ ቤታችንም ከወራት በኋላ እፎይ አለ።

እኔ አድጌ አግብቼ ሰቆጣ ከገባሁ በኋላ፣ ዘመንም ከዘመን ሲለወጥ፣ ሰፈር የሚለውጥ ሰው ብዙ አየሁ። ዛሬማ ሰው ትናንት የረገመውን ዛሬ ሲያመሰግን፣ ትናንት ያመሰገነውን ዛሬ ሲረግም፣ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም፤ ከጥንትም እዚህ ነበርኩ ነው የሚለው። ትናንት ተሳስቼ ነበር፣ ይኼን ሰው በድያለሁ ብሎ ባዶ እጁን ሜዳ ላይ የሚቆም አላየሁም። አልፈርድባቸውም። እናቴና እኔም ያን ቀን የወፉን መንገድ ነበር የመረጥነው።

አባቴ ካረጀ በኋላ፣ የንጉሡ ዘመን ሊያልቅ አካባቢ፣ እኔ ዘንድ መጥቶ ሲከርም አንድ ቀን ፀሐይ እየሞቀ ጠየቅሁት። «አባዬ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብቻዎን ሲቆሙ፣ ወገንዎ ሁሉ ሲከዳዎት፣ አልቆጨዎትም?»

ጥርስ የሌለው አፉን ከፍቶ ሳቀ።

«ሰው ስረታ ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም፣ ስንዱ» አለኝ። «የተረታሁ ዕለት ተኛሁ።»